የእህል ቆጥ ወለል ከምን ይሠራ?

በደቡብ ጎንደር ደጋ እህል ከአውድማ ሲገባ ገበያው ይረክሳል፤ ክረምት ሲደርስ ደግሞ ይወደዳል። በጥር ሸጦ በሐምሌ ለመግዛት የሚገደድ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። እህሉን እስከ ክረምት ለማቆየት የሚችለው ማከማቻው ከእርጥበት፣ ከነቀዝና ከአይጥ የተጠበቀ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህ አንፃር በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በፋርጣና በጋይንት የቆጡ ወለል ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ለአናጢ ብቻ የሚተው አይደለም። የቤተሰቡን የክረምት ቀለብና የመጪውን ዓመት ዘር የሚነካ ነው።

ቀድሞ ለዚህ ሥራ ይመረጡ የነበሩት ጥድና ወይራ ዛሬ በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ቀርተዋል። ቦታቸውን የያዘው ባሕር ዛፍ ነው። ከገበያ ደግሞ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ቺፑድና ቆርቆሮ ይገኛል። አማራጩ በመብዛቱ ብዙ ሰው ምርጫውን በዋጋ ብቻ ይወስናል። ይሁን እንጂ ከዋጋው አስቀድሞ ሁለት ነገሮች ሊታዩ ይገባል፤ ከወለሉ በላይ ምን ይቀመጣል? ከወለሉ በታችስ ማን ይኖራል?

የየዕቃው ጠባይ

አጣና ተደርድሮ በጭቃ የሚመረገው ወለል ከሁሉም ርካሽና የተለመደ ነው። አጣናው ልጡ ተልጦ በጥላ ሥር ሊደርቅ ይገባል። እርጥቡን ከተመታ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጭቃውም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የነቀዝ መደበቂያ ስለሚሆን አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ ተጠርጎ በጭድ በቦካ ጭቃና በእበት መለሰን አለበት።

ቀርከሃ ቀላልና ጠንካራ ነው። ነገር ግን ለጋው ቀርከሃ በውስጡ ባለው ስታርች የተነሳ በቶሎ ይበላል። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው በበጋ ተቆርጦ፣ በወራጅ ውኃ ተዘፍዝፎና ደርቆ ሲሠራበት ዕድሜው ይረዝማል።

ጣውላ በደንብ ከተጋጠመ ለመጥረግ ይመቻል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ኮምፔንሳቶና ቺፑድ እርጥበት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ቺፑድም ይፈረፈራል። የክረምቱ ዝናብ ለሚበረታበት ደጋ ቺፑድ አይመከርም። ቆርቆሮ አይጥን ይከለክላል፤ ሆኖም በቀዝቃዛ ሌሊት ላብ ስለሚይዝ እህል በቀጥታ ሊፈስበት አይገባም። ቆርቆሮው የሚሻለው በምሰሶዎቹ ላይ እንደ ጃንጥላ ተጠቅልሎ የአይጥ መውጫን ለመዝጋት ነው።

ክብደቱ ይታሰብ

የጭቃው ክብደት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነ ቆጥ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ምርጊት ቢደረግ፣ ጭቃው ደርቆ እንኳ ወደ 7 ኩንታል ይመዝናል። 20 ኩንታል ስንዴ ሲጨመርበት ወራጆቹ የሚሸከሙት 27 ኩንታል ያህል ይሆናል፤ ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 3 ኩንታል ማለት ነው። በመሆኑም ወራጆቹ በአጭሩ ጎን ሊጋደሙ፣ መሐሉም በተጨማሪ ምሰሶ ሊደገፍ ይገባል። ወለሉን በጥሩ ጣውላ ሸፍኖ ቀጭን ወራጅ ማድረግ ገንዘብን ያለ ቦታው ማዋል ነው።

እህልና ድንች አንድ ወለል አይሻቸውም

እህል ድፍን ወለል ይፈልጋል። በተለይ ጤፍ በትንሽ ቀዳዳ ሁሉ ይፈሳል። አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ንጣፍ ከረጢት የሚያከማች ገበሬም የምስማር ራስና የእንጨት ስንጥር የሌለበት ልስልስ ወለል ያስፈልገዋል። ከረጢቱ አንዴ ከተበሳ ነቀዙን አፍኖ የመግደል ኃይሉን ያጣል።

የዘር ድንች ግን ተቃራኒውን ይሻል። በጉና ተራራ ዙሪያ ላሉት ድንች አምራች ቀበሌዎች የሚጠቅመው ክፍተት እየተተወለት በፍልጥ እንጨት ወይም በቀርከሃ የሚሠራ መደርደሪያ ነው። ድንቹ በስሱ ተዘርግቶ አየርና ቀጥተኛ ያልሆነ ብርሃን ሲያገኝ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። በድፍን ወለል ላይ ሲከመር ይሞቃል፣ ይበሰብሳል፤ በጨለማም ቡቃያው ቀጥኖ ይረዝማል። ለምግብ የሚቀመጠው ድንች ደግሞ በጨለማ ሊቆይ ይገባል፤ ብርሃን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ መርዝም ያበጅበታል። ስለዚህ ሁለቱን ድንች በአንድ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ስሕተት ነው።

ከሥር ያለው ሕይወት

በብዙ ቤት ከቆጡ ሥር ከብት ያድራል። የከብቱ ትንፋሽና የሽንቱ ተን በክፍተት ወጥቶ እህሉን ያርሰዋል፤ የረጠበ እህልም ይሻግታል። ስለዚህ ከብት በሚያድርበት ቤት ውስጥ ድፍን ወለል የግድ ነው።

ከዚህ የሚብሰው አደጋ የነቀዝ ክኒን ነው። ፎስቶክሲን የሚባለው ክኒን እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ከአየር ትንሽ ስለሚከብድ በወለሉ ስንጥቅ ወደ ታች ይወርዳል። ከሥር የተኛ ሕፃን፣ ሽማግሌም ሆነ ከብት ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ጭቃም ሆነ ጣውላ ይህን ጋዝ አያግድም። ሰው ወይም ከብት በሚያድርበት ቤት ውስጥ ክኒኑ ፈጽሞ ሊገባ አይገባም።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ዛሬ በቀበሌ አስተዳደር ቢተኩም፣ በገጠሩ ብዙ ሰው ቀበሌውን አሁንም ገበሬ ማኅበር እያለ ይጠራዋል። የሚመራው ሰው ኃላፊነትም ያው ነው። ከመኸር አስቀድሞ ከግብርና ልማት ሠራተኛው ጋር የአባላቱን ቆጥ ዞሮ መመልከት፣ ስንጥቁን ማስለሰን፣ የዘከዘከውን ወራጅ ማስለወጥ፣ ክኒን በየቤቱ እንዳይገባ ማስጠንቀቅ ቀዳሚ ሥራዎች ናቸው። ምስማርና ከረጢት በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል በአንድነት ቢገዛ ወጪው ይቀንሳል። በየጎጡም አንድ ቆጥ ለአብነት ተሠርቶ ቢታይ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ያስተምራል።

በእርሻ ላይ የፈሰሰው ላብ ዋጋ የሚያገኘው እህሉ በደህና ሲከርም ነው። ለዚህም ወለሉ ከመመታቱ በፊት ከላይ የሚቀመጠውንና ከሥር የሚያድረውን ማሰብ ይቅደም።