የመተማ ቆላ ግንባታና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ኢትዮጵያን ከሱዳን ጋራ የሚያገናኝ የንግድ በር መሆኑ የታወቀ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህም ብዙ ስደተኛ በዚሁ በር ስለ ገባ፥ የመጠለያው፥ የውኃውና የጤና ጣቢያው ሥራ በዝቷል። በዚህ ቆላ አንድ ወር የዘገየ ድልድይ ክረምት ይቀድመውና ዓመት ይዘገያል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሐሩሩ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በቀትር የሚፈሰው ኮንክሪት ውኃው ፈጥኖ ስለሚተን ይሰነጠቃል፤ እንዲላላ ተብሎ ውኃ ቢጨመርበት ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል። ሰኔ ሲገባ ዋልካው ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋም ተሰነጣጥቆ በላዩ የተሠራውን ያናጋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን፥ ዝናሙ አባርቶ ሥራ በሚከፈትበት በጥቅምት ሰሊጡ መድረሱ ነው። የደረሰ ሰሊጥ ቢዘገይ ፍሬው ስለሚረግፍ የቀን ሠራተኛው ወደ እርሻው ይሄዳል፤ ቤቶኒየራውና ግሬደሩም ኪራይ እየበሉ ይቆማሉ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ ሊረዳ የሚችለው በዚህ ነው። የዝናሙን ትንበያ፥ የሲሚንቶውን መድረሻ ቀን፥ የሠራተኛውን ቍጥርና የመኪናውን ሁኔታ አመዛዝኖ የትኛው ሥራ እንዲቀድም ያመለክታል፤ በስልክ የተነሣውን ፎቶግራፍ ከፕላኑ ጋራ አስተያይቶ ጉድለቱን ያሳያል፤ ኮንክሪቱ የሚፈስበትንም ቀዝቃዛ ሰዓት ይመርጣል። መንግሥት ለዚህ ጥበብ በ2012 ዓ.ም. የምርምር ማዕከል አቋቁሟል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ፖሊሲ አጽድቋል። የጥበቡ ፍሬ ግን በአዲስ አበባ ቢሮ ሳይሆን እንደ መተማ ባለ ሥፍራ ሊፈተን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። የዕለት መዝገቡ በግምት የሚሞላ፥ ያልተሠራውም እንደ ተሠራ የሚጻፍ ከሆነ፥ ያንኑ ሐሰት አሳምሮ ይመልሳል። ስለዚህ ተቋራጩ ገንዘቡን ለመሣሪያ ከማውጣቱ በፊት ፎርማኑ የዕለቱን ሥራ በዕለቱ እንዲመዘግብ ያድርግ፤ ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜም መዝገቡ በስልኩ ውስጥ ቆይቶ ኋላ የሚተላለፍ ይሁን።

ጥበቡ ሠራተኛውን ለመሰለል ብቻ የሚውል ከሆነም ትርፉ ኪሳራ ነው። በዚያ ሐሩር ጥላ ፈልጎ ያረፈውን ሰው ሰነፍ ብሎ የሚመዘግብ ካሜራ ሥራውን አያፋጥነውም፤ ሰውዬው በማግሥቱ ወደ ሰሊጡ ይሄዳልና። ሥራውን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት በሐሩር ወራት ሥራው ገና ሲነጋ እንዲጀመርና በቀትር እንዲቆም፥ የቀትሩም ዕረፍት ከሠራተኛው ደመወዝ እንዳይቈረጥ፥ በውሉ ላይ አስቀድሞ ማስጻፍ ይችላል።