ጥንቸሏ ጊደር አይደለችም!

እዚህ ሐረር የታመመች ጥንቸል አቅፋችሁ እንስሳት ክሊኒክ ብትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሳቅ ነው። ሳቁን እንችለዋለን፣ አቦ! ያቃተን ከሳቁ በኋላ የሚመጣው ማዘዣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዷ ጥንቸል መብላት አቆመች። በጠጧም ቀረ። ስሙን የማንጠራው ሐኪም ሆዷን ነካ ነካ አደረገና "ኢንፌክሽን ነው" አለ። በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊን አዘዘ፤ "እስኪሻላት ምንም እንዳታበሏት" ሲልም አከለ። "ለጥንቸል እኮ አሞክሳሲሊን በአፍ አይሰጥም" ብለን ብንጠይቅ "ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?" ተባልን። መድኃኒቱን ሳንገዛ ወጣን። አዲስ አበባ ያለች ሌላ ሐኪም በስልክ እየመራችን ለምለም ቅጠል ፈጭተን በመርፌ ቱቦ በትንሽ በትንሹ አበላናት፤ ዳነች። ስለዳነች ብቻ ግን "አሸነፍን" አንልም። አንዲት ጥንቸል ማስረጃ አትሆንም። ማስረጃው የጥንቸል አንጀት ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር ቢቆጥራትም እንደ ላም ባለ አራት ክፍል ጨጓራ የላትም። ሣሩን የሚያብላሉላት አንጀቷ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞክሳሲሊንና አምፒሲሊንን የመሳሰሉ የፔኒሲሊን ዘመዶች በአፍ ሲሰጧት እነዚህን ጠቃሚ ነዋሪዎች ይፈጇቸዋል። ቦታው ባዶ ሲሆን ክሎስትሪዲየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ይራቡና መርዝ ያመነጫሉ። ከዚያ ተቅማጥ፣ ከዚያ ሞት። ይህ ደግሞ ትናንት የተሰማ ወሬ አይደለም፤ ስለ ጥንቸል ሕክምና በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ዘወትር የሚገኝ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጾሙስ? የጥንቸል አንጀት የሚንቀሳቀሰው ቃጫ ያለው ምግብ ሲገባለት ነው። ግማሽ ቀን ሳትበላ የዋለች ጥንቸል አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋታል። ማስመለስ ስለማትችል ከቀዶ ሕክምና በፊት እንኳ እንደ ውሻና ድመት ረጅም ሰዓት አትጾምም። እርግጥ ነው፣ አንጀቷ ተዘግቶ ከሆነ በግድ ማብላት አደገኛ ነው። ይህን የሚለየው ግን ሐኪም ነው፤ ለዚህም ነው ሐኪም ጋ የሄድነው! አፏንም ከፍቶ ማየት ነበረበት። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኳን ያድጋል። ድርቆሽ ቀርቶ ዳቦና ፉርሽካ ብቻ የምትበላ ጥንቸል ጥርሷ ሳይሞረድ ረዝሞ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋል። እየራባት መብላት የሚያቅታት ለዚህም ሊሆን ይችላል። ያኔ የትኛውም አንቲባዮቲክ ጥርስ አያሳጥርም።

ሙያውን ለማጣጣል እንዳልመጣን ይታወቅልን። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ "ክፉ ቀን" የተባለውን ረሃብ አምጥቷል። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በይፋ ሲታወጅ፣ ድሉ በየበረሃው ክትባት ተሸክመው የዞሩ የኢትዮጵያ ባለሙያዎችም ነበር። እጅ እንነሳለን! ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ባላት አገር ላምና በሬ ቢቀድሙ አይገርመንም። ገበሬው በሬው ሲሞትበት እርሻው ይቆማል፤ የኛ ጥንቸል ብትሞት ግን የሚቆም እርሻ የለም።

ታዲያ ምን ፈለጋችሁ? አዲስ ሆስፒታል? ልዩ በጀት? ኧረ በፍጹም! የፈለግነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ጥንቸል አክሜ አላውቅም፤ ልጠይቅና ልንገራችሁ።" ይህ ዓረፍተ ነገር ሳንቲም አያስወጣም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከነእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ለባልደረባ ስልክ መደወል ክብር አይቀንስም። አባቶቻችን "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ያሉት ለቄስ ብቻ መሰላችሁ? ነጭ ጋዋንም ጥምጣም ነው።

ደግሞ "ሰው እየተራበ ለጥንቸል ታለቅሳላችሁ፤ ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው" የምትሉን አላችሁ። ሐረር ላይ ሆናችሁ ይህን ስትሉ አታፍሩም? የጀጎል ግንብ ላይ ጅብ በሌሊት የሚገባበትን ቀዳዳ የተወው ፈረንጅ ነው እንዴ? በአሹራ ሌሊት ቅቤ ያለው ገንፎ ለጅብ የሚቀርበውስ በማን ወግ ነው? ለጅብ በር ያበጀች ከተማ ለጥንቸል ትክክለኛ ማዘዣ ቢጠየቅባት ምን ይደንቃል?

ነገሩ ከጥንቸልም ያልፋል። ዛሬ "ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?" ያለን የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ነገ ይኸው መልስ እናታችን በታመመች ጊዜ ይጠብቀናል። ጥያቄን እንደ ስድብ የሚቆጥር ባለሙያ የታካሚውን ደኅንነት ሳይሆን የራሱን ወንበር ነው የሚጠብቀው።

ለናንተም፣ ጥንቸል ለምታሳድጉት፣ መልእክት አለን። ከቬተርነሪ መድኃኒት መደብር በግምት መድኃኒት አትግዙ፤ "ለበግ ሠርቷል" የተባለ ሁሉ ለጥንቸል አይሠራም። ድርቆሽ ከፊቷ አይጥፋ። ክሊኒክ ስትሄዱ ክብደቷን መዝኑ፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በጽሑፍ ጠይቁ፣ "ለጥንቸል ይሆናል?" ብላችሁ በግልጽ አስመልሱ። ሐኪሙ ቢቆጣ ይቆጣ። ቁጣው ያልፋል፤ በተሳሳተ መድኃኒት የሞተች ጥንቸል ግን አትመለስም።