«ቱ» ሁሉ አንድ አይደለም

በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ የሥራ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው፣ መልስ በጉጉት እንደሚጠብቅ ለመግለጽ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ብሎ ይፈርማል። ትክክሉ «ቱ ሂሪንግ» ነው። ጥፋቱ ግን የአመልካቹ ብቻ አይደለም፤ ያሳተው «ከቱ በኋላ ግሡ ምንጊዜም ምንም ሳይጨመርበት ይጻፋል» የሚለው የክፍል ውስጥ ሕግ ነው። ሕጉ ሐሰት ነው። በ«አይ ዋንት ቱ ሂር» ውስጥ «ቱ» የግሡ ባልደረባ ነው፤ እዚህ ግን መስተዋድድ በመሆኑ ስም፣ ወይም እንደ ስም የቆመ ግስ ይሻል። በግሡ ቦታ «ዩር ሪፕላይ» ብሎ መተካት ነው፤ ስሙ በትክክል ከገባ «ኢንግ» የግድ ነው።

ይህን ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ስንቅ አያጣም። «መስማት» ራሱ ስም ስለሆነ «ከመስማት»፣ «ስለ መስማት» ይባላል። የስዋሂሊው «ኩሲኪያ»ም ጠባዩ ይኸው ነው። መምህራን በዚህ በር አለመግባታቸው ያስገርማል።

«ሐሳቡ ከተላለፈ ምን ቸገረ?» ባዮች አይጠፉም። በዚህችኛዋ ሐረግ እውነት አላቸው፤ አንባቢው ይረዳል። ታናሽ እህቷ ዘንድ ሲደርሱ ግን ክርክራቸው ይፈርሳል። «አይ አም ዩዝድ ቱ ወርኪንግ አት ናይት» ማለት የሌሊት ሥራ ለምጃለሁ ነው። «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ አት ናይት» ግን ቀድሞ በሌሊት እሠራ ነበር፣ አሁን ትቻለሁ የሚል ስሜት ይሰጣል። ቀጣሪው ደግሞ የሚፈልገው የሌሊት ሠራተኛ ነው።