ተመራማሪው ከአርሶ አደሩ ጋር ይክረም

በክልላችን ደጋማ ወረዳዎች ስለ አፈር ለምነት ውይይት ሲደረግ አርሶ አደሮች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ከማሳቸው ለምርመራ ተቆፍሮ የተወሰደው አፈር ውጤቱ የት ደረሰ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ናሙናው ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለፕሮጀክት ጥናት ይወሰዳል። ጥናቱ ይጻፋል፣ በሙያ መጽሔት ይታተማል፣ ተመራማሪውም ወደ ሌላ ሥራ ያልፋል። መሬቱና ባለመሬቱ ግን እዚያው ናቸው። ዩኒቨርሲቲና የምርምር ማዕከል በቅርብ ርቀት እያሉ የምርምር ውጤት የሚናፍቅ ቀበሌ ሲታይ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሰኛል።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ የሚያስችል፣ ነገር ግን በእኛ ዘንድ ብዙም ያልተሠራበት አንድ መንገድ አለ። ይኸውም በድኅረ ዶክትሬት ምርምር ላይ ያሉ ተመራማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ወጥተው የተወሰነ ጊዜ በሌላ መሥሪያ ቤት በሥራ እንዲያሳልፉ ማድረግ ነው። የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ሦስተኛ ዲግሪውን አጠናቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ዓመታት በሚቆይ ኮንትራት፣ በአንድ የምርምር ርዕስ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ነው። እውቀቱ ትኩስ ነው፤ የማስተማር ጫናውም ከመምህራን ያነሰ ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም በዩኒቨርሲቲ ቋሚ የሥራ መደብ አያገኝም። ስለዚህ ከግቢው ውጭ ያለውን ሥራ ማወቁ ለአርሶ አደሩ ብቻ ሳይሆን ለራሱም እንጀራ ነው።

አሠራሩ በሌላው ዓለም አዲስ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በማሪ ስክዎዶቭስካ ኪዩሪ ስም የሚሰጠው የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ የማንኛውም አገር ዜጋ የሚወዳደርበት ሲሆን፣ ከዋናው የምርምር ጊዜ በተጨማሪ እስከ 6 ወር የሚደርስ ከአካዳሚ ውጭ ባለ ተቋም የሚደረግ የሥራ ቆይታ ይፈቅዳል። ቆይታው የሚፈጸመው በኅብረቱ አባልና ተባባሪ አገሮች ስለሆነ ለእኛ ወረዳዎች በቀጥታ አይደርስም። ሐሳቡን ለራሳችን ለመጠቀም ግን የሚከለክለን የለም።

ከዩኒቨርሲቲ ውጭ በማሳ ላይ የሚያልፍ የወጣትነት ጊዜ ምን ሊያፈራ እንደሚችል የአገራችን ልጅ የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን እንዳገኙ ኢክሪሳት ለተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ለመሥራት ወደ ሱዳን ሄዱ። እዚያ በሠሩት ምርምር ድርቅን የሚቋቋመው ሀጊን ዱራ 1 የተባለ ዲቃላ ማሽላ እ.ኤ.አ. በ1983 ለአምራቾች ደረሰ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለሱ በኋላም አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ከባልደረቦቻቸው ጋር አውጥተዋል። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ወደ ራሳችን ችግር እንመለስ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ በጥናቶች ይጠቀሳል። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ደጋማ ቀበሌዎች ችግሩን ከማንም በላይ ያውቁታል። አሲድ በበዛበት አፈር ፎስፈረስ ስለሚታሰር ሰብሉ የተጨመረለትን ማዳበሪያ በአግባቡ አይጠቀምበትም፤ አሉሚኒየም ደግሞ ሥሩን ይጎዳል። መፍትሔው ኖራ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ታዲያ ኖራው ለምን በየማሳው አልደረሰም?

መልሱን ለማግኘት በማሳ ዳር መቆም ያስፈልጋል። ለአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ኖራ ታዘዘ እንበል። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ቢጭን 60 ጭነት ይሆናል ማለት ነው። ሩብ ሄክታር ብቻ ላለው አርሶ አደር እንኳ 15 ጭነት ነው። መኪና የሚደርሰው እስከ መንገዱ ዳር ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ይሸከማል? መጓጓዣውንስ ማን ይከፍላል? ኖራውን በመስመር በትንሽ መጠን መጨመር ለዚህ አፈር ይበቃል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በቤተ ሙከራ ብቻ አይመለሱም። የኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ የኖራ መፍጫ ፋብሪካ ወይም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ከጭነቱ እስከ ቡቃያው የተከታተለ ተመራማሪ ግን መልስ ሊያገኝላቸው ይችላል።

ሌላው ጉዳይ የጊዜ ነው። ኖራ ከዘር በፊት ቀደም ብሎ ከአፈር ጋር መዋሐድ አለበት። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ደግሞ ሐምሌ 1 ነው። በሐምሌ የጸደቀ ገንዘብ ለዚያው ዓመት ክረምት ኖራ አይደርስም። በመጋቢት ወደ ወረዳ ገብቶ እስከ ነሐሴ የሚቆይ ተመራማሪ የኖራ ብተናውን፣ ዘሩንና የቡቃያውን ሁኔታ ያያል፤ ለኅዳር አጨዳ ለጥቂት ቀናት ቢመለስ ምርቱን ይመዝናል። በዚያን ጊዜ የእርሻው የቀን መቁጠሪያና የበጀቱ የቀን መቁጠሪያ የት ላይ እንደሚጋጩ ከማንም በላይ ይረዳል። ለሦስት ቀን መጥቶ የሚመለስ ቡድን ይህን ሊያይ አይችልም።

የአዊ ዞን አርሶ አደሮች በራሳቸው ጥረት ያገኙትን መፍትሔ ማስታወስም ይገባል። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች በአሲድ የተጎዳ መሬታቸው ላይ ደከረንስ ተክለው ከሰል በማክሰል ገቢ አግኝተዋል፤ መሬቱም እረፍት አግኝቷል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የዋግ ዓይነት በሽታ ዛፉን እያጠቃ የብዙ ቤተሰብ ተስፋ ጎድቷል። በሽታው ሲጀምር በወረዳው ውስጥ የዛፍ በሽታ የሚያውቅ ተመራማሪ በሥራ ላይ ቢኖር ኖሮ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ በተሰማ ነበር። ተመራማሪውም አርሶ አደሩ ሳይንስን ሳይጠብቅ የፈጠረውን ዘዴ በተማረ ነበር። እውቀት በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል።

ይሁንና ቆይታው በጥንቃቄ ካልተመራ ፍሬ አይኖረውም። ወረዳዎቻችን እንግዳ መቀበል ያውቁበታል፤ እንግዳን ሥራ ላይ ማሰማራት ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ባለሙያ መጣ ተብሎ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚጠራ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚያጠናቅር ወይም ለጉብኝት ቡድን ማብራሪያ የሚሰጥ ከሆነ ስድስቱ ወር ባክኗል። ወረዳው አስቀድሞ ከአርሶ አደሮች ጋር መክሮ አንድ ጥያቄ ይምረጥ፤ አሥር ሳይሆን አንድ። አብሮት የሚሠራ የራሱን ባለሙያ ይመድብ። ተመራማሪው ሲሄድ ሥራው የሚቀጥለው በዚያ ባለሙያ እጅ ነውና።

ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት በበኩላቸው የቆይታውን ደመወዝ ከምርምር ፕሮጀክታቸው በጀት ጋር አስቀድመው ቢያስሩት ወረዳው የማይችለው ወጪ አይወድቅበትም። ከዚህም በላይ በወረዳ ያለፈ የእርሻ ወቅት ለሙያ እድገትና ለቅጥር ሊቆጠር ይገባል። እድገት በታተመ ጽሑፍ ብዛት ብቻ የሚለካ ከሆነ ወጣቱ ተመራማሪ ጭቃ ውስጥ ስድስት ወር እንዲያሳልፍ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም።

ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለበት የአርሶ አደሩ ጥቅም ነው። ሩብ ሄክታር ያለው ቤተሰብ ሙከራው ሳይሳካ ቢቀር የሚያጣው የዓመት ቀለቡን ነው። ስለዚህ ሙከራው በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል መሬት ወይም በማሳው ጥቂት ስፋት ላይ ይጀመር። የግብዓቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍንና ምርት ቢቀንስ ማን እንደሚክስ ከዘር በፊት በጽሑፍ ይታወቅ። ተመራማሪው ከመሄዱ በፊትም ውጤቱን፣ ያልተሳካውን ጨምሮ፣ በቀበሌው ስብሰባ ላይ አርሶ አደሩ በሚረዳው ቋንቋ ያስረዳ።

የወረዳ አመራሮች ይህን ለመጀመር መመሪያ እስኪወርድ መጠበቅ የለባቸውም። በአቅራቢያቸው ላለው ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ማዕከል በደብዳቤ ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። ችግሩን፣ የሚፈልጉትን ሙያና የሚያስፈልገውን ወር ለይተው ይጻፉ። ለመጪው ክረምት የሚሆን ሥራ ከመጋቢት በፊት መታሰብ ስላለበት ደብዳቤው የሚጻፍበት ጊዜ አሁን ነው። አፈሩ ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ደግሞ ተመራማሪው ወደ አፈሩ መምጣት አለበት እንላለን።