የደኅንነት ማሻሻያ ዋጋና የጎደለው ስሌት

ምሥጢሩ በባለቤቱ እጅ ታትሞ የሚሸጠውን ዊንዶውስንና ኮዱ ለሁሉ የተገለጠውን (ኦፕን ሶርስ) ሊኑክስን እያነጻጸሩ፣ የዚህኛው የደኅንነት ማሻሻያ ይረክሳል፣ የዚያኛው ይወደዳል ብሎ መፍረድ በግዥ ሹማምንት ዘንድ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዊፕሮ የተባለው ኩባንያ በማይክሮሶፍት ወጪ ያካሄደው ጥናት ለዊንዶውስ መስክሯል፤ ከፋዩ ባለጉዳዩ ራሱ ነውና ምስክርነቱን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። እኔ ግን ከፍርዱ አስቀድሜ የምነቅፈው ስሌቱን ነው፤ ባለሙያው ማሻሻያውን ለመፈተሽና ለመጫን የደከመበትን ሰዓት እየቆጠረ፣ ሳይጫን የከረመውን ማሻሻያ ዕዳ ከመዝገቡ ያስቀራልና።

ዕዳው በ2017 በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ላይ ተገለጠ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ማርች 14 ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ አውጥቶ ሳለ፣ ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ከ59 ቀን በኋላ ሜይ 12 በዚያው ቀዳዳ ሲነሣ፣ በጤና አገልግሎቱ ከተመቱት ኮምፒዩተሮች የሚበዙት ድጋፉ ገና ያልተቋረጠው ዊንዶውስ 7 ያለባቸው፣ ማሻሻያው ግን ያልተጫነባቸው ነበሩ። 19,000 ያህል የሕሙማን ቀጠሮ እንደ ተሰረዘ ተገመተ፤ የጤና መሥሪያ ቤቱም ኪሳራውን 92 ሚሊዮን ፓውንድ ሲል ገመተው፣ ከዚህም 72 ሚሊዮኑ ከጥቃቱ በኋላ የተበላሸውን ለመመለስ የወጣ ነው። ይህን ሁሉ የትኛውም የሰዓት ቆጠራ አልተነበየውም።

የኦፕን ሶርስ ወዳጆችም በዚህ ሊመኩ አይገባም። በዚያው ዓመት የብድር መረጃ ሰብሳቢው ኩባንያ ኢክዊፋክስ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ያስዘረፈው፣ አፓቺ ስትራትስ ለተባለው ነፃ ሶፍትዌር በማርች የወጣውን ነፃ ማሻሻያ ባለመጫኑ ነው። ስትራትስ እንደ ዊንዶውስና ሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ባይሆንም ዕዳው አንድ ነው።

ሁለቱ በእውነት የሚለያዩት የድጋፉን ፍጻሜ ማን ይወስናል በሚለው ነው። በ2014 የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ ሲያበቃ የብሪታንያ መንግሥት ኤክስፒንና ሌሎች ያረጁ የማይክሮሶፍት ፕሮግራሞችን ለአንድ ዓመት ለማስጠበቅ 5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ከፈለ፤ ከማይክሮሶፍት በቀር ኮዱን የሚያርም አልነበረምና። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ደግሞ እስከ 2029 ይቆያል የተባለውን ሴንትኦኤስ 8 የተሰኘ የሊኑክስ ዓይነት በ2021 መጨረሻ እንደሚያቋርጥ ባስታወቀ ጊዜ፣ ኮዱ በሁሉም እጅ ስለ ነበረ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ዓመቱ ሳያልቅ ተወልደው ተጠቃሚውን ተቀበሉት። ወደ እነርሱ የመሻገሩ ድካም ግን የተጠቃሚው ነበር፤ ስለዚህ ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ይህንንም ድካም፣ ማሻሻያ ሳይጫን ያለፈውንም ቀን ሁሉ በሁለቱም ወገን ሒሳብ ውስጥ ያስገባ።