ሰፊ ሌንስ ተራራን ያሳንሳል

የመልክዓ ምድር ፎቶ ማንሳት የጀመረ ወጣት ብዙ ሳይቆይ ዋይድ አንግል ሌንስ ያምረዋል። ለምን ሲባል መልሱ ያው ነው፦ «ሁሉንም እንዲያስገባልኝ»። በእኔ እምነት ብዙ ብር የሚባክነው በዚህች ሐሳብ የተነሳ ነው። ሰፊ ሌንስ የሚገዛው ሁሉንም ለማስገባት ሳይሆን ወደ አንድ ነገር ለመቅረብ ነው።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚገባ ዕቃ እንዴት እንደተወደደ ሁላችንም እናውቃለን። ሌንስ ደግሞ አገር ውስጥ አይሠራም። በካሜራ ለሚተዳደር ሰው ያለቦታው የተገዛ ሌንስ የስንት ወር ልፋት እንደሚበላ አስቡት።

እስቲ ስሜን ተራሮችን እንውሰድ። በፉል ፍሬም ካሜራ ላይ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከጥግ እስከ ጥግ 63 ዲግሪ ያህል ያያል። 24 ሚሊ ሜትር 84፣ 14 ሚሊ ሜትር ደግሞ 114 ዲግሪ ያያል። ቁጥሩ ያስጎመጃል። ግን የምስሉ መጠን ያው ነው፤ ብዙ ባስገባችሁ ቁጥር እያንዳንዱ ነገር ያንሳል። በ35 ያነሳችሁትን ሩቅ ተራራ ከዚያው ቦታ ሳትነቃነቁ በ14 ብታነሱት፣ በምስሉ ላይ ቁመቱ በሁለት እጥፍ ተኩል ያንሳል። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን ጉብታ ይመስላል። ከላይ ባዶ ሰማይ፣ ከታች ባዶ ሣር፣ መሐል ላይ ቀጭን መስመር። ከዚያ «ፎቶው ቦታውን አይገልጸውም» እንላለን። ገደሉን ከገደል ላይ የሚደራርብ ምስል ከፈለጋችሁ 70 ወይም 200 ሚሊ ሜትር የተሻለ ይሠራል።

ታዲያ ሰፊ ሌንስ መቼ ነው ዋጋውን የሚያወጣው? እግራችሁ ሥር የሚታይ ነገር ሲኖር ነው። በስሜን ደጋ አንድ ጅብራ አጠገብ ተጠግታችሁ ብትቆሙ ጅብራው ገዝፎ ከፊት ይወጣል፣ ተራራው ከኋላው ይዘረጋል። ዳሎል ላይም ቢጫና አረንጓዴው የጨው ቅርጽ ከእግራችሁ ጀምሮ እስከ አድማስ ይሄዳል። በ16 ሚሊ ሜትር፣ አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ ፎከሱን ከአንድ ሜትር ትንሽ አለፍ ብታደርጉት፣ ከግማሽ ሜትር ግድም እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ በአጥጋቢ ሁኔታ ይጠራል። ይህን ሌላ ሌንስ እንዲህ በቀላሉ አያደርግም።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ወጪ ይመጣል፤ ኤፍ 2.8 ወይስ ኤፍ 4? መልክዓ ምድር በአብዛኛው የሚነሳው በትራይፖድ፣ በኤፍ 8 እና በኤፍ 11 መካከል ነው። ለማትከፍቱት አፐርቸር ለምን ትከፍላላችሁ? የካኖን 16-35 ኤፍ 4 ሌንስ 615 ግራም ይመዝናል፤ የኤፍ 2.8 ሦስተኛው ስሪት ደግሞ 790 ግራም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ስመ ጥሩ የኒኮን 14-24 ኤፍ 2.8 አንድ ኪሎ ግድም ነው፤ የፊት መስታወቱም ወደ ውጭ ያበጠ ስለሆነ የተለመደው ተጠምዛዥ ፊልተር አይገባለትም። አቧራና ጨው ባለበት አፋር፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ዳገት በሚወጣበት ስሜን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሠርግና ዝግጅት የሚያነሳ፣ ወይም የሌሊት ከዋክብትን የሚከታተል ሰው ኤፍ 2.8 ያስፈልገዋል፤ ያ እውነት ነው። እንጀራው ከሆነ ይግዛ። እኔ የምለው ለመልክዓ ምድር ብሎ የሚበደረውን ነው።

ካሜራችሁ ክሮፕ ሴንሰር ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ በ18 ላይ ሲሆን በፉል ፍሬም ከ27 እስከ 29 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ በእሱ ሞክሩ። ጎንበስ ብላችሁ፣ ተጠግታችሁ፣ ከፊት ድንጋይ ወይም አበባ አስገብታችሁ አንሱ። እንዲህ እያደረጋችሁም ስፋቱ ካነሳችሁ፣ 240 ግራም ብቻ የሚመዝነው የካኖን 10-18 ዓይነት ቀላል ሌንስ ለብዙ ሰው ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ በባትሪ ብርሃን ውስጡን ተመልከቱ፤ ሻጋታ ካያችሁ ተዉት።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የምትወዷቸውን ሃምሳ ፎቶዎች አውጥታችሁ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሱ እዩ። በ18 ላይ የተነሱት ጥቂት ከሆኑ መልሱን አግኝታችኋል። የተረፈውን ብር ለደባርቅ መጓጓዣና ለሁለት ተጨማሪ ሌሊት ማደሪያ አውሉት። የጠዋቱ ብርሃን ለዚያ ገደል የሚያደርግለትን የትኛውም ሌንስ አያደርግለትም።