ቀለም የነካው የስፌት መኪና

በዚህ ሳምንት የምናነበው ስለ ልብስ ስፌት መኪና ነው።

በብዙ ቤት መጻፊያ ጠረጴዛ የለም። ሲንጀር መኪና ያለበት ቤት ግን ሰፋ ያለ እንጨት አለው። ስለዚህ ማታ ማታ ደብተር የሚዘረጋው እዚያ ላይ ነው። እስክሪብቶ ያፈሳል፤ ቀለሙም መኪናውን ይነካል። ያን ጊዜ ቁጣ ይነሣል።

ከተማሪዎቻችን አንዲት ልብስ ሰፊ እናት «ፊደልሽ እንጀራችንን አበላሸብን» ተብለው ሁለት ሳምንት ቀሩ። ልንጠይቃቸው ሄድን። ልጃቸው የቀለሙን ጠብታ በአልኮል ፈትጎት ነበር። ቀለሙ ለቀቀ። ወርቃማው አበባና ጽሑፍም አብሮ ለቀቀ። ነገሩን ለቤተ ሰቡ አስረዳን። እሳቸውም ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ። ጥፋቱ የፊደል ሳይሆን የችኮላ ነበር።

ወርቁ ለምን ለቀቀ? የድሮ ሲንጀር ጥቁር ቅብ ሬንጅ ያለበት ነው። በምድጃ ተጋግሮ ጠንክሯል። በላዩ ወርቃማው አበባ ተለጥፏል። ከሁሉም በላይ የሚያንጸባርቅ ስስ ቫርኒሽ አለ። አልኮል ይህን ቫርኒሽ ያሟሟዋል። ቫርኒሹ ከሄደ ወርቁን የሚጠብቀው የለም። አሴቶንና በረኪናም አይንኩት። የብርጭቆ ወረቀትማ ጨርሶ አይታሰብም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ቀለሙ እርጥብ ከሆነ አትፈትጉት፤ ይሰፋል። ደረቅ ጥጥ ጫን አድርጉበትና ይምጠጠው።

2. ለስላሳ ጨርቅ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጉ። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

3. መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ቅቡ ከደበዘዘ ወይም ከተጣበቀ አቁሙ።

4. ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠብታው ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዚያ በቀስታ አሹት። ጨርቁን እያገላበጣችሁ ድገሙ። የእስክሪብቶ ቀለም ቅባትነት ስላለው ዘይት ያላላዋል። በብልቃጥ የሚሸጠው የብዕር ቀለም ግን ውሃነት አለው። እሱን በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና ወዲያው አድርቁት።

5. መርፌ የሚወርድባት የምታንጸባርቅ ብረት ቅብ የላትም። ፈታችሁ ካወጣችኋት በአልኮል ብትጠረግ አይጎዳትም። ደርቃ ስታበቃ ዘይት ነክታችሁ መልሷት።

6. ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቁራጭ ጨርቅ ስፉ። የቀረ ቀለምና ዘይት በዚያ ይውጣ። አለዚያ የደንበኛ ነጭ ቀሚስ ላይ ይወጣል።

በአንድ ቀን ካልለቀቀ በማግስቱ ድገሙት። ጥቂት ጥላ ቢቀር ተዉት። በጥላው ምክንያት መኪናው መስፋቱን አይተውም። የለቀቀ ወርቅ ግን አይመለስም።

ከመጻፋችሁ በፊትም እንጨቱ ላይ ጋዜጣ ወይም ላስቲክ አንጥፉ። እንጨት ቀለም ይጠጣል፤ ከእንጨት ማስለቀቅ ከብረት ይልቅ ይከብዳል።

ለቤተ ሰብም አንድ ቃል አለን። ቀለም መቁጠር የጀመረ ሰው ቀለም ቢያፈስ አይገርምም። ቀለም ሲፈስ ጨርቅና ዘይት አቅርቡለት፤ ደብተሩን አትዝጉበት። ሒሳብ የሚጽፍና የደንበኛን ልክ የሚመዘግብ ልብስ ሰፊ ለቤቱ ይጠቅማል።

የሳምንቱ ሥራ፦ በብዙዎቹ የድሮ ሲንጀሮች መቀመጫ ላይ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ብረቱ ላይ የታተመ ቁጥር አለ። ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ቁጥራቸው በፈረንጅ ፊደል ይጀምራል። ቁጥሩ መኪናው የተሠራበትን ዘመን ለማወቅ ይረዳል። የቤታችሁን ወይም የጎረቤታችሁን መኪና ቁጥር አንብቡና በደብተራችሁ ገልብጡ። ቀጥሎም እነዚህን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ ዘይት፣ ጨርቅ፣ መርፌ፣ ጠብታ፣ ትዕግሥት።